የተዛባ አመለካከትና ሙስሊም ተማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለሚሠሩ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ለተማሪ ወላጆች፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

የተዛባ አመለካከት ስንል ምን ማለታችን ነው? ሃይማኖቱን መተቸትስ እንደዚያው ይቆጠራል?

አንድን ልጅ ሳያውቁት በስሙ፣ በለበሰችው ሂጃብ ወይም በሰፈሩ ብቻ ተነስቶ መደምደም ነው። "አህመድማ ሒሳብ ይችላል፣ ነጋዴዎች አይደሉ እንዴ" የሚል መምህር ልጁን ያሞገሰ ይመስለዋል። "ለእነሱ ትምህርት ምናቸው ነው" ከሚለው መምህር ግን ብዙም አይለይም፤ ሁለቱም ፊታቸው የተቀመጠውን ልጅ ትተው ወገኑን ነው የሚያዩት።

በእምነት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ክርስቲያኑ ተማሪ የእስልምናን አስተምህሮ አይቀበልም፣ ሙስሊሙም የክርስትናን አይቀበልም፤ ይህ ማንንም አይጎዳም። መስመሩ የሚታለፈው ንግግሩ ከአስተምህሮው ወጥቶ ወደ ሰዎቹ ሲዞር ነው። ተማሪ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ውስጥ "ሁሉም"፣ "እነሱ"፣ "ሲፈጥራቸው" የሚሉ ቃላት ከገቡ ቆም ብሎ "ስንቱን ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋዶ በሚኖርበት አገር ችግሩ አለ ማለት ይቻላል?

መዋደዱ እውነት ነው። ወሎ ውስጥ ወንድም ሙስሊም፣ እህት ክርስቲያን ሆነው በአንድ ቤት ያድጋሉ፤ መርካቶ ላይ ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው ቆመዋል። ነገር ግን መልካም ጉርብትና ባለበትም "አገሩ የማን ነው?" በሚለው ጥያቄ ላይ የተዛባ ሥዕል ሊኖር ይችላል። "ኢትዮጵያ የክርስቲያን ደሴት" የሚለው አነጋገር ዛሬም ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነበር። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ "ደሴት" የሚለው ቃል ያንን አንዱን ባሕሩ ውስጥ ይከተዋል።

ሌላው የተለመደ ሥዕል ሙስሊሙን ከንግድ ጋር ብቻ ማያያዝ ነው። ምንጩ ይታወቃል፦ በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሞች ለረጅም ዘመን ርስት እንዳይዙ ስለተከለከሉ እንጀራቸውን በንግድና በሽመና ፈለጉ። ዛሬ "ተፈጥሯቸው ነው" የሚባለው ያ ክልከላ የተወው ዱካ ነው። ይህን ምክንያት ለ7ኛ ክፍል ተማሪ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል፤ "መከባበር ጥሩ ነው" ከሚል የአንድ ሰዓት ንግግርም ይበልጣል።

"እስላም" ልበል ወይስ "ሙስሊም"?

ሰውየውን "ሙስሊም"፣ ሃይማኖቱን "እስልምና" ወይም "እስላም" ማለት ይሻላል። ገጠር ያሉ አዛውንቶች፣ ሙስሊሞቹ ጭምር፣ ሰውን "እስላም" ሲሉ ክፋት የለበትም፤ ልጆች አያታቸው ያሉትን ይዘው ሲመጡ መቆጣት አያስፈልግም፣ ትክክለኛውን ተናግሮ ማለፍ ይበቃል።

ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" የሚለው አነጋገር ነው። "የሚኖሩ" የምንለው ለእንግዳና ለተከራይ ነው፤ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ክርስቲያኖች" ሲባል ግን ብዙም አንሰማም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ተቀላቅለዋቸው፣ የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ሰልፍ ሲወጡ አንዱ ቅሬታ ይኸው አጠራር ነበር። ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩና በዓላቸው እንዲከበርም ጠይቀዋል። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የአገር በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ጊዜ ነው። በሰሌዳ ላይ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" ብለው ይጻፉ።

ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ነጻ ነው ተብሎ ስለ እስልምና ማስተማር እንዴት ይፈቀዳል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። የተከለከለው መስበክ ነው። ስለ ሃይማኖት እንደ ታሪክ፣ እንደ ባህልና እንደ ኅብረተሰብ አካል ማስተማር አይከለከልም፤ ባይሆን ኖሮ ስለ ላሊበላም ስለ ሐረርም ማስተማር ባልተቻለ ነበር።

ልዩነቱ በአነጋገር ይጠበቃል። "ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ" ማስተማር ነው፤ "መስገድ አለብን" መስበክ ነው፤ "ለምን እንደሚሰግዱ አይገባኝም" ደግሞ ማንቋሸሽ ነው። የሃይማኖት አባት ወደ ክፍል መጋበዝ ካስፈለገ የሚያነሳው ርዕስ በጽሑፍ ይሰጠው፣ መምህሩ ከክፍሉ አይውጣ፣ ወላጆችም ቀድመው ይወቁ።

የመማሪያ መጽሐፉንና የራሴን ፈተናዎች እንዴት ልፈትሽ?

አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፦ ስም፣ ሥራ፣ ሥዕል። ከሚያስተምሩበት መጽሐፍ 20 ገጽ፣ ካወጧቸው ፈተናዎች ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ይውሰዱና ስም በተጠራ ቁጥር ይመዝግቡ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስተምረው ሁለተኛው ዓምድ ነው። ዶክተሯ ሰላማዊት፣ ኢንጂነሩ ዳዊት፣ "15 ኪሎ ቡና ገዝቶ አትርፎ የሸጠው" ሁልጊዜ ከድር ከሆነ ጥያቄው ሒሳብ ብቻ አላስተማረም። በሥዕሎቹ ሂጃብ ያደረገች ሴት የት እንዳለች ይዩ፦ ሱቅ ደጃፍ ብቻ ናት ወይስ ቤተ ሙከራም ውስጥ አለች? በታሪክ ክፍሉ ደግሞ ሙስሊሞች ከጦርነት ውጭ ስንት ቦታ ይገኛሉ?

ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። "ነርስ ዘሐራ በቀን 24 ሕፃናት ብትከትብ በ5 ቀን ስንት ትከትባለች?" ብሎ መጻፍ ይበቃል። ሁሉንም መልካም ገጸ ባሕርይ ሙስሊም ማድረግ ግን አይበጅም፤ ልጆች ወዲያው ይነቁበታል። "ከገና እስከ ጥምቀት ስንት ቀን አለ?" የሚል የሒሳብ ጥያቄም የሚፈትነው መቀነስን ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያን ነው። ታኅሣሥ 29 እና ጥር 11 ብለው ቀኖቹን በጥያቄው ውስጥ ካስገቡ ሁሉም ልጅ በአንድ መስመር ይነሳል።

እግረ መንገድዎን ስም መዝገቡን ይዩ። አንዱ ልጅ በሮስተር መሐመድ፣ በመታወቂያ ሙሐመድ፣ በፈተና ቅጽ ሞሐመድ ሆኖ ከተጻፈ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ፈተና ጊዜ ሰነዱ አልገጥም ብሎ ይንገላታል። አብዱረሕማንን "አብዱ" ብሎ መመዝገብም ስሙን ከመሐል መቁረጥ ነው፤ "አብዱ" ብቻውን "የ… አገልጋይ" እንደማለት ነው፣ የማን እንደሆነ ሳይናገር ይቀራል።

ታሪክን ከየት ልጀምር?

ብዙ መምህራን የሚጀምሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ615 ነው፦ በመካ መከራ የደረሰባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ፣ ከመካከላቸው ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ስለ መርየም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል አነበበ፣ ንጉሡ ነጃሺም አሳልፌ አልሰጣችሁም አለ። ድንቅ መነሻ ነው። ችግሩ እዚያው መቆሙ ላይ ነው። ታሪኩ "እኛ አስጠለልናቸው" ተብሎ ከተዘጋ የዛሬው ሙስሊም ተማሪ በገዛ አገሩ የእንግዳ ልጅ ሆኖ ይወጣል። "እኛ" የሚለው ቃል ውስጥ እሱ የለም። ስለዚህ ታሪኩን ሲናገሩ "አክሱም ተቀበለቻቸው" ይበሉ። የመጀመሪያው ሙአዚን (የሶላት ጥሪ አሰሚ) ቢላል የሐበሻ ዘር መሆኑንም ይጨምሩበት፤ ሐበሻና እስልምና ከስደቱ በፊት መካ ላይ ተገናኝተዋል።

ከዚያ ይቀጥሉ። የዘይላ የንግድ መስመርና ይፋት፤ በግንብ የታጠረው የሐረር ጁገል፣ በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን መቃብር ያለበት፤ የወሎ ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል አማርኛ የጻፉበት ዐጀሚ፤ እንደ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት በአማርኛ የገጠሙት መንዙማ፣ በዜማ የሚባለው መንፈሳዊ ግጥም። ይህ የመጨረሻው ለአማርኛ መምህር የተዘጋጀ ገበታ ነው፤ ቤት አመታቱን ለመተንተን መንዙማ ከማንኛውም ግጥም አያንስም።

ለታች ክፍሎች ከቡና ረከቦት ይነሱ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስተኛው ስኒ ስሙን ያገኘው ከዐረብኛው "በረካ" ነው። ሱቅ፣ ሐኪም፣ ሰንዱቅም እንዲሁ ከዐረብኛ ጋር ይጋራሉ። ልጆቹ በአንድ ሳምንት ከቤታቸው አሥር አሥር ቃል ለቅመው እንዲመጡ ይዘዙ። አያቶችን ማናገር ስለሚጠይቅ ትምህርቱ ቤት ድረስ ይዘልቃል።

በዓመት አንድ ቀን መርሐ ግብር ማዘጋጀት አይበቃም?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 15ን፣ በእኛ መጋቢት 6ን፣ እስላም ጠልነትን የመከላከያ ቀን አድርጎ ሰይሟል። ቀኑ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች ላይ በ2019 በተፈጸመው ጥቃት 51 ሰዎች የተገደሉበት ነው። በሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያው ቢያስታውሰው መልካም ነው። የአንድ ቀን ድግስ ብቻውን ግን የልጆቹን አቀማመጥ እንኳ አይቀይርም፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ ዴስኩ ይመለሳል።

የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች አብረው ከተቀመጡ መቀራረቡ በራሱ አይመጣም?

አይመጣም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንዳስቀመጠው መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ያለ አንዱ ሌላው የማይጨርሰው ሥራ እና የኃላፊዎች ድጋፍ። በ1 ለ 5 አደረጃጀት ሁልጊዜ አንዱ ጎበዝ መሪ ሌሎቹ ተመሪ ከሆኑ የመጀመሪያው ቀርቷል። ኤሊየት አሮንሰን በ1971 በቴክሳስ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ገና መቀላቀል በጀመሩባቸው ክፍሎች የሞከረው "የገጣጥሞሽ" ዘዴ አራቱንም ያሟላል፤ ለእኛ ሰፊ ክፍልም ይሆናል።

60 ተማሪ ካለዎት 12 ቡድን፣ በእያንዳንዱ 5 ልጅ ይመድቡ። ጓደኛሞች እንዳይሰበሰቡ ምደባውን ራሱ መምህሩ ያድርገው። ርዕሱ ሐረር ነው እንበል፤ በአምስት ወረቀት ይከፈላል፦ ግንቡና አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ንግዱና ሐረር ራሷ ያወጣችው ገንዘብ፣ የመጻሕፍት ጽሕፈትና ጥረዛ፣ የሐረሪ ቤት ውስጠኛ አሠራር፣ መስጊዶቹና መቃብሮቹ። እያንዳንዱ ልጅ አንዷን ወረቀት ብቻ ይይዛል። 5 ደቂቃ ለብቻው ያነባል፤ ከዚያ ተመሳሳይ ወረቀት የያዙት ተሰብስበው 12 ደቂቃ ይወያያሉ። አንድ ዓይነት ወረቀት የያዙት 12 ስለሚሆኑ ለሁለት ከፍለው ስድስት ስድስት ያድርጓቸው፣ አለዚያ አራቱ ያወራሉ ስምንቱ ይሰማሉ። በመጨረሻ ወደ ቀድሞ ቡድናቸው ተመልሰው እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ያስተምራል። ቦታ መቀያየሩ ሲጨመርበት 40 ደቂቃ ስለማይበቃ ተከታታይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለበትን ቀን ይምረጡ።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የቡድን ማርክ መስጠት ነው፤ ሰነፉን ልጅ ጠላት ያደርገዋል። ፈተናው የግል ይሁን፣ ከአምስቱም ወረቀት ይውጣ። ሌላው የመስጊዱን ወረቀት ለሙስሊሙ ልጅ መስጠት ነው። ያ ወረቀት በዕጣ ይድረስ፤ አቤል ስለ መስጊዱ ሲያስረዳ፣ ሐያት ስለ ግንቡ ስታስረዳ ማየት የዘዴው ግማሽ ጥቅም ነው። በዚሁ ምክንያት በሌላ ክፍለ ጊዜም ቢሆን "እስኪ አንቺ ንገሪን፣ እናንተ ለምን…" ብሎ አንዷን ልጅ የሕዝብ ሁሉ ቃል አቀባይ አያድርጓት። ራሷ ከፈለገች እጇን ታወጣለች።

ክፍሌ ውስጥ አንድም ሙስሊም ተማሪ ከሌለስ?

የበለጠ ያስፈልጋል። እነዚህ ልጆች ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲመደቡ የዶርም ጓደኛቸውን የሚያውቁት ከቲክቶክ በሰሙት ብቻ ይሆናል። ከላይ ያለው የሐረር ትምህርት አንድም ሙስሊም ሳይኖር ይሠራል።

ረመዳን፣ ጁምዓና ፈተና ሲጋጩ ምን ይደረግ?

የሒጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። ነሐሴ ላይ የዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ የረመዳንን መግቢያና ሁለቱን ኢዶች ግምታዊ ቀን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ኢድ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ቁርጡ የሚታወቀው በዋዜማው ማታ ነው፤ ስለዚህ ከግምቱ ቀን በፊትና በኋላ አንድ አንድ ቀን ፈተና አይያዝ። ዓርብ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜም የጁምዓ ሶላት አለና ፈተናም ማካካሻ ክፍለ ጊዜም አይመደብ።

በጾሙ ወቅት የሰውነት ማጎልመሻን ወደ ጠዋቱ ማምጣትና ከባድ ሩጫውን በሌላ እንቅስቃሴ መተካት በቂ ነው። "ጾመሃል?" ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ግን ይቅር፤ የታመመ ወይም ገና ያልደረሰ ልጅ ይሸማቀቃል፣ ለልጃገረዶችማ ከባድ ጥያቄ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገብተው አብረው ዘልቀዋል። እንዲህ ሲገጥም "እኛ ስንት ሰዓት እንበላለን፣ እናንተስ?" የሚለው የልጆች ወሬ ራሱ ትምህርት ነው፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓምድ ሠርቶ ቢሰበስበው ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል።

በክፍል ድግስ ላይ ሥጋውን አልበላም ማለት አለመከባበር ነው?

አይደለም። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን፤ የሁለቱም ወገን የቆየ ሥርዓት ነው፣ ወሎ ላይ በአንድ ሠርግ ሁለት ድንኳን ተጥሎ ሁለት በሬ ይታረዳል፣ ማንም ቅር አይለውም። ችግር የሚሆነው "አንድ ቀን ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ" የሚለው ግፊት ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ሻይ ከሆነ ሁሉም አንድ ትሪ ይከባል።

ሂጃብና የደንብ ልብስ እንዴት ይታረቃሉ?

የእምነት ነጻነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ተደንግጓል፤ ፊትን የማይሸፍን ሂጃብ ከማስተማርም ከመማርም አያግድም። ደንቡ በአፍ ሲቀር የሚደርሰውን አይተናል፦ በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ ተከልክሎ ከመቶ በላይ ልጃገረዶች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ አምልጧቸው፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንዲት ልጅ ለ12 ዓመት የደከመችበት በር ላይ ሲዘጋባት ማየት ያማል።

ስለዚህ ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ይውጣ፣ በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ይጽደቅ፦ ቀለሙ ከደንብ ልብሱ ጋር የሚሄድ፣ ርዝመቱ ደረት ድረስ። በቤተ ሙከራ እሳት ባለበት ጫፉ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ናይለን ስለሚቀልጥ ጥጥ ይመረጣል። በስፖርት ሜዳ መርፌ ቁልፍ የሌለው፣ በራስ የሚጠለቅ ይሻላል። ለፈተና ማንነት ማጣራት ሲያስፈልግ ሴት መምህርት ለብቻ ክፍል ውስጥ ታያለች። እነዚህ አራት መስመሮች በግቢ በር ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አብዛኛውን ያስቀራሉ።

ተማሪ ሌላውን ሲሰድብ ወይም ሂጃብ ሲጎትት ወዲያው ምን ላድርግ?

እዚያው፣ በዚያችው ደቂቃ ይናገሩ። ዝም ካሉ 60 ልጅ ፈቃድ እንደሰጡ ይቆጥረዋል። አጭር ይሁን፦ "እዚህ ክፍል ሰው በሃይማኖቱ አይሰደብም። ይህ ቀልድ አይደለም። ከክፍል በኋላ እናወራለን።" ስብከት አያስፈልግም፣ ስድቡን መድገምም አያስፈልግም። ከዚያ ትምህርቱን ይቀጥሉ።

በእረፍት ሰዓት መጀመሪያ የሚሰማው የተነካው ልጅ ነው፤ ለብቻው፣ ሌላው ከመምጣቱ በፊት። "ምን ሆነ?" እና "ምን እንዲደረግ ትፈልጋለህ?" የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ተሳዳቢውን ቃሉን ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ወይም ከስልክ ነው፣ ያ ደግሞ ቀጣዩ ትምህርት ምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ይነግርዎታል። ቀን፣ የተባለው ቃል በትክክል፣ ማን እንደነበር በዩኒት ሊደሩ መዝገብ ይጻፍ። ከተደገመ ወላጅ ይጠራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተነካውን ልጅ ተመልሰው ይጠይቁ፤ ይህ ነው በብዛት የሚረሳው።

በሰው ፊት "ተጨባበጡ፣ ይቅር ተባባሉ" ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ተበዳዩን ያለ ፈቃዱ ይቅር ባይ ያደርገዋል። ሙስሊም ተማሪ ክርስቲያኑን ቢሰድብም ሥርዓቱ ከነቃሉ አንድ ነው፤ አንዱን ወገን ብቻ የሚጠብቅ ደንብ ሁለቱም ጋ ዋጋ ያጣል።

ችግሩ ያለው መምህሩ ጋ ከሆነስ?

ወላጅ በቁጣ ግቢ ገብቶ ከመጮህ ይልቅ የተባለውን ቃል፣ ቀኑንና ክፍለ ጊዜውን ጽፎ ለርዕሰ መምህሩ ቢያስገባ፣ ቅጂውም ላይ ቀን አስጽፎ ቢያስቀር ይሻላል። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ ወደ ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ቀጥሎ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩ በበኩሉ ሳያስታውቅ ከሚገስጽ ክፍሉን ገብቶ ይመልከት፤ መምህሩ ለማን የመናገር ዕድል ይሰጣል፣ ማንን በስም ይጠራል፣ ለማን "እናንተ" ይላል የሚለውን በ40 ደቂቃ ቆጥሮ ማሳየት ክርክሩን ያሳጥረዋል። አብዛኛው መምህር የራሱን ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል።

ውጭ አገር ላለነውስ?

በእንግሊዝ የ2010 የእኩልነት ሕግ ሃይማኖትን ከሚጠበቁ መለያዎች አንዱ አድርጎታል፤ ትምህርት ቤቱን በደል መከላከያ ደንቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። በፈረንሳይ የ2004 ሕግ ተማሪዎች በመንግሥት ትምህርት ቤት ሂጃብ እንዳያደርጉ ስለሚከለክል ልጅን ቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከራሳችን የሚጠበቀው ደግሞ የሰንበት የአማርኛ ክፍል ነው፦ ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለሚሰጡ ሙስሊሙ ሐበሻ ልጅ ቋንቋውን ሳይማር ይቀራል፣ ከዚያም "ሐበሻ ሙስሊም አለ እንዴ?" ይባላል። ክፍሉን ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ማዛወር ብዙ ቤተሰብ ይመልሳል።

ግራኝ አህመድን እንዴት ላስተምር?

ከርዕሶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ሙስሊም ተማሪ በዚያ ሳምንት "ግራኝ" እየተባለ ይጠራል። መጀመሪያ ስሙን ያስተካክሉ፦ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም፤ "ግራኝ" በግራ እጁ ይጠቀም ስለነበር የወጣለት ቅጽል ነው። ቀጥሎ ታሪኩን ከ1529 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከሽምብራ ቁሬ ጦርነት አይጀምሩት። ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር ያስምሩና በ14ኛው መቶ ዘመን ዐምደ ጽዮን በይፋት ላይ ከከፈተው ዘመቻ ይነሱ፣ የዘይላን የንግድ በርና ግብርን ያስገቡ፣ ሽምብራ ቁሬን፣ የኦቶማን ነፍጠኞችንና በ1541 የመጡትን 400 ያህል ፖርቱጋሎች አሳይተው በ1543 በወይና ደጋ ጦርነት ይጨርሱ። ያኔ ተማሪው የሚያየው ሁለት መቶ ዓመት የፈጀ የመሬት፣ የንግድና የሥልጣን ትግል ነው፤ ሃይማኖት ባንዲራው ነበር፣ ብቸኛ ምክንያቱ ግን አልነበረም።

የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናት አይሸሽጉ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ማዘዛቸውንም አይሸሽጉ። አንዱን ብቻ የሚያስተምር መምህር ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለቱንም የሚተው ደግሞ ልጆቹን ለዩቲዩብ ይሰጣቸዋል። ጥሩ መልመጃ የሚሆነው አንዱን ውጊያ ከኢማሙ ወገን በተጻፈውና ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል በተወሰደ በአንድ አንድ አንቀጽ ማስነበብ ነው። "ጸሐፊው ማን ነው? ማንን ጀግና አለ? ምን ዘለለ?" ብለው ይጠይቁ። ፈጽሞ የማይደረገው ልጆቹን በሃይማኖት ለሁለት ከፍሎ "እናንተ ለኢማሙ፣ እናንተ ለንጉሡ ተከራከሩ" ማለት ነው። ጦርነቱን ወደ ዴስክ ማምጣት ነው።

ከተማ ውስጥ ግጭት በተነሳ ማግስት ክፍል ውስጥ ምን እላለሁ?

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ በሌላ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ልጆች በማግስቱ ቦርሳቸውን አንግተው መጥተዋል። እንደማያውቁ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይውሰዱ፦ የተረጋገጠውን ብቻ ይናገሩ፣ የሞተ ሰው ካለ የማንም ወገን ቢሆን ሐዘን መሆኑን ይግለጹ፣ "እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ማንንም አይነካም" ይበሉ። ተጠያቂ ማን እንደሆነ አይፍረዱ፤ ተማሪዎችም እንዲፈርዱ አይጋብዙ።

ስልክ ላይ ስለሚዞረው ቪዲዮ አንድ ተግባር ይስጧቸው፦ ከማጋራት በፊት መቼ፣ የት፣ ማን ቀረጸው የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ካልቻሉ አይላክ። የሌላ አገር ወይም የቆየ ምስል እንደ ትናንት ተደርጎ መዞሩ የተለመደ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ማሰራጨት ወንጀል መሆኑን ለላይኛው ክፍል ተማሪዎች መንገር ተገቢ ነው። በዚያ ቀን ለብቻው የተቀመጠ ልጅ ካዩ ከክፍል በኋላ "እንዴት አደራችሁ፣ ቤት ሰላም ነው?" ይበሉት፤ ያቺ ጥያቄ ለልጁ ብዙ ናት።

ለውጥ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?

በመስከረም እያንዳንዱ ልጅ በቁራጭ ወረቀት ላይ የራሱን ስምና አብሮ መማር የሚፈልጋቸውን የሦስት ልጆች ስም ይጻፍ። ወረቀቱን ሲሰበስቡ ከእምነቱ ውጭ ቢያንስ አንድ ስም የጻፉት ስንት እንደሆኑ፣ በማንም ያልተጠሩት እነማን እንደሆኑ ይቁጠሩ። የገጣጥሞሽ ሥራውን በወር ሁለት ጊዜ ካካሄዱ በኋላ በጥር ይድገሙት። "ሙስሊሞችን ትወዳላችሁ?" የሚል መጠይቅ አይበትኑ፤ ልጆች መምህሩ የሚፈልገውን መልስ ነው የሚጽፉት።

በማንም ያልተጠራውን ልጅ በሚቀጥለው ምደባ ከሚግባባ ቡድን ጋር ያስቀምጡት፣ ማንም እንዳያውቅ። ቁጥሩን ደብተርዎ ላይ ካሰፈሩ በኋላ ወረቀቶቹን በዚያው ዕለት ይቅደዷቸው፤ አንዲቱ ወረቀት ግቢ ውስጥ ወድቃ ከተገኘች የዓመቱ ሥራ በአንድ እረፍት ሰዓት ይፈርሳል።